የክብሪት ሠራተኞቹ መንጋጋ፦ የሥራ ቦታ ጤና የማን ኃላፊነት ነው?



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በሥራ ቦታ በሚጠበቀው የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ላይ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሥራ አመራር፣ በሕግና በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍሎች ውስጥ በመሆኑ፣ ለታሪክ ተመራማሪ የሚተርፍ ነገር ያለው ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ሲታመም ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ በሽታው ከምን መጣ? በበሽታውስ የሚጠየቀው ማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሐኪም ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ግን በሐኪም ቤት ብቻ ተመልሶ አያውቅም። የተመለሰው በክርክር፣ በአድማ፣ በሕግና በገበያ ነው፤ መልሱም ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል።

ይህንን ለማሳየት የሁሉንም ሙያ ታሪክ መዘርዘር አልፈልግም። አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ በሽታና ሰባ ዓመት ገደማ የፈጀ አንድ ታሪክ መርጫለሁ፤ እርሱም የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች ታሪክ ነው። በመጨረሻ ወደ አገራችን እመለሳለሁ። የአገራችንን ሕጎች ከምጠቅስበት በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

ሙያን መጠየቅ

ሥራ ሰውን እንደሚያሳምም የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። ነገሩን ሥርዓት ባለው መልክ የመረመረው ግን በሞዴና፣ በኋላም በፓዶቫ ያስተማረው ጣሊያናዊ ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በ1700 ባሳተመውና በ1713 አስፋፍቶ በድጋሚ ባወጣው መጽሐፉ የማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የሸክላ ሠሪዎችን፣ የጉድጓድ ጠራጊዎችን፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ ጸሐፊዎችንም ሕመም በየሙያቸው ለይቶ መዝግቧል። ራማዚኒ ለሐኪሞች የተወው ምክር ቀላል ነበር፤ በሽተኛውን ስለ ሕመሙ ከመጠየቅ ጋር ሙያው ምን እንደሆነም ጠይቁት የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በሽታን ከሰውየው ገላ አውጥቶ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው። ይሁን እንጂ ራማዚኒ የሚመክረው ሐኪሙንና ሠራተኛውን ነው፤ አሠሪው በመጽሐፉ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ፋብሪካ ገና ያልተስፋፋበት ዘመን ነበርና አብዛኛው የእጅ ባለሙያ የራሱ አሠሪ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ በግልጽ ሲለያዩ ግን የኃላፊነት ጥያቄ መልኩን ይለውጣል።

ነጭ ፎስፈረስ

በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ አዲስ ዓይነት ክብሪት ገበያ ላይ ዋለ። ጫፉ ላይ ነጭ ፎስፈረስ ስላለበት በማንኛውም ሸካራ ነገር ላይ፣ በግድግዳም ሆነ በጫማ ሶል፣ ቢጫር ይቀጣጠላል። እሳት ከጎረቤት ለሚጫርበት ዓለም ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ የድኻ ቤት ሳይቀር ገባ።

ይህ እፎይታ ግን የሚከፈልበት ዋጋ ነበረው። በ1845 የቪየና ሐኪም ፍሪድሪክ ሎሪንዘር በክብሪት ሠራተኞች ላይ ያየውን እንግዳ በሽታ ገልጾ አሳተመ። በሽታው በጥርስ ሕመም ይጀምራል፤ ድድና ጉንጭ ያብጣል፤ ቀጥሎ መግል ይፈሳል፤ ውሎ አድሮ የመንጋጋው አጥንት ይሞታል። ጠረኑ ከባድ በመሆኑ ታማሚው ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም ይገለላል። የሚታወቀው ሕክምና የሞተውን አጥንት ቆርጦ ማውጣት ብቻ ነበር፤ የዳኑትም ፊታቸው ተበላሽቶ ቀሪ ዕድሜያቸውን ገፉ። መንስኤው ከፎስፈረሱ የሚወጣው ጢስ ነበር። የክብሪት እንጨቱ በፎስፈረስ ሊጥ ውስጥ በሚነከርበት፣ በሚደርቅበትና በሳጥን በሚሞላበት ክፍል ሁሉ ይህ ጢስ ይተነፈሳል፤ ሠራተኞች ምግባቸውን እዚያው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ስለሚበሉም ከእጃቸውና ከእንጀራቸው ጋር ወደ አፋቸው ይገባል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሌላ አማራጭ አልጠፋም ነበር። በ1844 ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ፣ በተሠራለት ሳጥን ጎን ላይ ካልተጫረ የማይቀጣጠልና መርዘኛውን ነጭ ፎስፈረስ በቀይ ፎስፈረስ የተካ ክብሪት ፈጥሮ ነበር። የዮንሾፒንግ ከተማዎቹ ወንድማማቾች ሉንድስትሮሞች ይህንን ክብሪት አሻሽለው ለገበያ አበቁት። በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦው፣ ታላቁን የክብሪት ፋብሪካ ያቋቋመው ብራያንት ኤንድ ሜይ ኩባንያ ደግሞ ገና በ1855 የዚህን አስተማማኝ ክብሪት የእንግሊዝ የባለቤትነት መብት ገዝቶ ነበር። ሆኖም ሸማቹ የለመደው በየትም የሚጫረውን ርካሽ ክብሪት ስለነበር፣ ኩባንያው ሁለቱንም ጎን ለጎን ማምረት ቀጠለ። እንግዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መንጋጋ እንዲበሰብስ ያደረገው የእውቀት እጥረት አልነበረም።

ጥርስ ወይስ አየር?

በዚያ ዘመን ሐኪሞች ጢሱ ወደ አጥንት የሚገባው በተበላ ጥርስ በኩል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ከዕለት ተዕለት ምልከታ የተነሣ እንጂ በክፉ ልብ የተፈጠረ አልነበረም። ያስከተለው ውጤት ግን ሊጤን ይገባዋል። በሽታው በተበላ ጥርስ የሚገባ ከሆነ፣ ጥርሷን ያልጠበቀችው ሠራተኛ የበሽታዋ ተባባሪ ትሆናለች ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከጢሱ ተነሥቶ ወደ አፏ ዞረ። ጥርሷን ያመማት ሠራተኛ አስነቅላ ካልሆነ ከሥራ እንድትርቅ የሚያዝ አሠራር ተለመደ፤ ቆይቶም መደበኛ የጥርስ ምርመራ የፋብሪካ ደንብ አካል ሆነ።

ይህን አሠራር ዛሬ በምንጠቀምበት ቋንቋ ብንገልጸው የሠራተኞች ጤና ማበልጸጊያ ፕሮግራም ልንለው እንችላለን። ነጻ የጥርስ ምርመራ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሕመሙ ቀድሞ እንዲታወቅ ሳይረዳም አልቀረም። ችግሩ ምርመራው በምን ቦታ እንደተተካ ነው። ጢሱ ባለበት ቀጥሎ ጥርስ ሲመረመር፣ ምርመራው ታማሚዋን ከማዳን ይልቅ ታማሚዋን ከፋብሪካው ቅጥር የማስወጫ መሣሪያ ይሆናል። ሕመሟን የተናገረች ሴት ጥርሷንም እንጀራዋንም ታጣለች። ስለሆነም ብዙዎች ሕመማቸውን መደበቅን መረጡ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በክብሪት ፋብሪካው ግን በሽታን መደበቅ ሠራተኛዋ ለመኖር የተገደደችበት ስልት ነበር።

የ1888ቱ አድማ

በሰኔ 1888 አኒ ቤዛንት የተባለች ጸሐፊ «ዘ ሊንክ» በተባለ ጋዜጣዋ ላይ የብራያንት ኤንድ ሜይን ፋብሪካ የሚመለከት ጽሑፍ አወጣች። ባለ አክሲዮኖች ከ20 በመቶ በላይ የትርፍ ድርሻ በሚካፈሉበት ኩባንያ ውስጥ ወጣት ሴቶች በሳምንት ጥቂት ሽልንግ ብቻ እንደሚያገኙ፣ ከዚያችም ላይ እግራቸው በመቆሸሹ፣ በሥራ ሰዓት በማውራታቸው ወይም በማርፈዳቸው መቀጫ እንደሚቆረጥባቸው ዘረዘረች። የኩባንያው ኃላፊዎች ጽሑፉ ሐሰት ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ሠራተኞቹ እንዲፈርሙ ጠየቁ። ሴቶቹ እምቢ አሉ። አንዲት ሠራተኛ ስትባረር፣ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ 1,400 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ።

አድማውን ቤዛንት እንደመራችው ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ሮ በ2009 ባሳተመችው ጥናት ግን ይህን አመለካከት ተሟግታለች፤ አድማውን ያስነሡትና የመሩት ሴቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን አሳይታለች። እኔም ይህ ክርክር የመምህራንና የተማሪዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በሥራ ቦታ ጤና ታሪክ ውስጥ ሠራተኛው ሁልጊዜ የሚሣለው እንደ ታማሚ ወይም እንደ ተጎጂ ነው፤ ስለ ገዛ ገላው የሚያውቀውና የሚወስነው ነገር ያለው ሰው ሆኖ የሚቀርበው ከስንት አንዴ ነው።

አድማው በሁለት ሳምንት ገደማ በሠራተኞቹ ድል ተፈጸመ። ከስምምነቱ ነጥቦች መካከል መቀጫ እንዲቀር፣ ቅሬታ በአለቆች በኩል ሳይጣራ በቀጥታ ለኩባንያው ኃላፊ እንዲቀርብ፣ እንዲሁም ምግብ ከሥራ ክፍል ውጭ የሚበሉበት ቦታ እንዲዘጋጅ የሚሉት ይገኙበታል። የመጨረሻውን ነጥብ ተመልከቱት። የመመገቢያ ክፍል! ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ፋብሪካ መርዙ ከምግብ ጋር እንዳይዋጥ የሚያደርግ እርምጃ ነበር። ሠራተኞቹ የጠየቁት የጤና እርምጃ አፋቸውን የሚመለከት ሳይሆን ቤቱን የሚመለከት ነበር። ሁለተኛውም ነጥብ ከጤና የራቀ አይደለም፤ ሕመሟን መናገር የምትችል ሠራተኛ ቀድማ ትታከማለችና።

የተደበቁት ታማሚዎች

አድማው ነጭ ፎስፈረስን አላስቀረም። በ1891 የድኅነት ሠራዊት የተባለው የክርስቲያን ድርጅት በዚያው አካባቢ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ፣ በተሻለ ክፍያና በቀይ ፎስፈረስ ብቻ ክብሪት መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ክብሪቱ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ስለነበር በገበያ ጸንቶ መቆም አልቻለም፤ ፋብሪካው ከአሥር ዓመት በላይ አልዘለቀም። የአንድ አሠሪ በጎ ፈቃድ ብቻውን ገበያውን እንደማያሸንፍ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

በ1895 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የፎስፈረስ፣ የእርሳስና የአርሴኒክ መመረዝ ያጋጠመው ሠራተኛ ለመንግሥት ሪፖርት እንዲደረግ አዘዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራያንት ኤንድ ሜይ አሥራ ሰባት ታማሚዎችን ሳያሳውቅ መቅረቱ ተደረሰበት፤ ከእነርሱም መካከል የሞቱ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የጣለበት ቅጣት ከ25 ፓውንድ በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ነበር። ገንዘቡ ለኩባንያው ኢምንት ነው፤ ወሬው ግን በጋዜጦች ተሰራጭቶ ስሙን ጎዳው። በዚያው ዓመት መንግሥት ዶክተር ቶማስ ሌግን የመጀመሪያው የፋብሪካ የሕክምና ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመ።

ስለ ሌግ አንድ ነገር ልጨምር። ከብዙ ዓመታት ቁጥጥር በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ፣ አሠሪው በእጁ ያለውን ሁሉ አድርጎ እስካልጨረሰ ድረስ ሠራተኛው ራሱን ለመጠበቅ ማድረግ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነበር። በ1926 መንግሥቱ የነጭ እርሳስ ቀለምን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማጽደቅ ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር፣ ሌግ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ።

መርዙን ማስወገድ

መፍትሔው በመጨረሻ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በ1898 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች፣ ሴቬንና ካን፣ በየትም የሚጫር ነገር ግን አጥንት የማያበሰብስ የፎስፈረስ ውሕድ ለክብሪት አዋሉ። ብራያንት ኤንድ ሜይም በ1901 ነጭ ፎስፈረስ መጠቀም አቆመ። ሁለተኛው መንገድ ሕግ ነው። ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ነጭ ፎስፈረስን በሕግ ከልክለው ነበር፤ ሌሎች አገሮች ግን እኛ ስንከለክል ጎረቤታችን ገበያውን ይወስድብናል እያሉ ያመነቱ ነበር። ይህን ፍርሃት የፈታው በ1906 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ፈራሚዎቹ ነጭ ፎስፈረስ ያለበትን ክብሪት መሥራትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም በጋራ ከለከሉ። በአሜሪካ ደግሞ ጆን አንድሩስ የተባለ ተመራማሪ በ1910 ባወጣው ሪፖርት ከመቶ በላይ ታማሚዎችን ከመዘገበ በኋላ፣ ዳይመንድ የተባለው ኩባንያ በ1911 የአስተማማኙን ውሕድ የባለቤትነት መብት ለሁሉም ክፍት አደረገ። በ1912 የወጣው ሕግ በነጭ ፎስፈረስ ክብሪት ላይ የጣለው ግብር ከፍተኛ ስለነበር ምርቱን አክሣሪ አደረገው።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት እርምጃ አይተናል። የመጀመሪያው ሰውን ማረም ነው፤ ጥርስ መመርመር። ሁለተኛው የሥራ ቦታን ማረም ነው፤ የአየር ማስገቢያና የመመገቢያ ክፍል ማዘጋጀት። ሦስተኛው መርዙን ማስወገድ ነው። በሽታውን ያጠፋው ሦስተኛው ነው። የዛሬ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች የቁጥጥር እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ አደጋውን ማስወገድን በራስጌ፣ የግል መከላከያን በግርጌ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካዎቹ ግን ዘወትር የጀመሩት ከግርጌው ነበር፤ ወጪው ከሁሉ ያነሰው እርሱ ነውና።

ወደ እኛ ስንመጣ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ሲቋቋም በመጀመሪያው ጉባኤው ካወጣቸው ምክረ ሐሳቦች አንዱ፣ አባል አገሮች የበርኑን የነጭ ፎስፈረስ ስምምነት እንዲቀበሉ የሚጠይቅ ነበር። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1923 ነው። ስለዚህ የዓለም አቀፍ የሥራ ሕግ ቤተሰብ አባል ስንሆን፣ የክብሪት ሠራተኞቹ ታሪክ ያስገኘውን ውርስ አብረን ወርሰናል ማለት ይቻላል።

ከአገራችን የኢንዱስትሪ ታሪክ ደግሞ ወንጂን እጠቅሳለሁ። የኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ አስጀመረ። ፋብሪካው ያለው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሥፍራ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን አለው። ውኃውን ለብዙ ዓመታት ከጉድጓድ የጠጡ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በመጀመሪያ ጥርሳቸው በለዘ፤ ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ከጠጡት መካከል አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው የደረቀባቸው፣ እንደልባቸው መንቀሳቀስ የተሳናቸው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ፍሎራይድ በአንዳንዶቹ ጉድጓዶች በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በወንጂ ጉዳቱን ያመጣው ማሽኑ አይደለም፤ በሥራው ምክንያት የሚኖሩበት መንደር ውኃ ነው። መፍትሔውም የተፈለገው በዚያው ነበር፤ ፍሎራይድን ከውኃው የሚያጣሩ መሣሪያዎች ተተከሉ። ከለንደን እስከ ወንጂ ጥርስ ምስክር ሆኖ መቅረቡን ሳስተውል፣ ትርጉሙ ተመሳሳይ ነው እላለሁ፤ ጥርሱ የተበላሸው ሠራተኛ የሚናገረው ስለ ራሱ ንጽሕና ሳይሆን ስለሚኖርበትና ስለሚሠራበት ቦታ ነው።

ሕጋችን ይህንን ትምህርት በጽሑፍ ደረጃ ተቀብሎታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኞች መብት አድርጎ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታው ለሠራተኞች ጤና ጠንቅ እንዳይሆን እንዲያደርግ፣ በሥራ ምክንያት የሚደርሱ አደጋዎችንና በሽታዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ጉዳት ሲል አካላዊውን ብቻ ሳይሆን ሥነ ልቡናዊውንም ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ ደግሞ ቀድሞ ከነበረው 90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ የ1898ቱን የ25 ፓውንድ ቅጣት አስታውሱ። ሪፖርት አድርጉ የሚል ሕግ፣ ሪፖርት ያላደረገውን የሚያገኝ ተቆጣጣሪና ሕመሙን ቢናገር እንጀራውን የማያጣ ሠራተኛ ከሌለው፣ ዝምታን ይመዘግባል እንጂ በሽታን አይመዘግብም።

የዛሬው ጥያቄ

በዘመናችን ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ደኅንነት ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ የአመጋገብ ትምህርት፣ የጭንቀት ምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። እነዚህን አላጣጥልም። ዳሩ ግን ማስረጃው ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአሜሪካ በአንድ የችርቻሮ ኩባንያ በ160 የሥራ ቦታዎች ከ32 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ያካተተና በ2019 የታተመ ጥናት፣ የሥራ ቦታዎቹን በዕጣ ለይቶ አነጻጽሮ ነበር። ከ18 ወር በኋላ፣ ፕሮግራሙ ባለባቸው ቦታዎች ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን የሚሉ ሠራተኞች በዝተዋል፤ በደም ግፊትና በመሳሰሉት መለኪያዎች፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ረገድ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። አንድ ጥናት ሁሉን አይደመድምም። ሆኖም ከክብሪቱ ታሪክ ጋር አብሮ ሲነበብ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ የምንመረምረው ጥርሱን ነው ወይስ ጢሱን?

ይህ ጥያቄ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላላችሁትም ሩቅ አይደለም። ነገ አንዳንዶቻችሁ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ አንዳንዶቻችሁ የሕግ ባለሙያ፣ አንዳንዶቻችሁ ተቆጣጣሪ ትሆናላችሁ። ሠራተኛው ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ታመምኩ ሲላችሁ፣ ራሱን እንዲጠብቅ ለመምከር መቸኮል ቀላል ነው። ከዚያ በፊት የሥራ ሰዓቱን፣ የሚተነፍሰውን አየር፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ አለቃው የሚናገረውን ቃል መርምሩ። በ2022 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደኅንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎችና መብቶች ተርታ አሰልፎታል። መብት ማለት ደግሞ አሠሪው ሲመቸው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። የቦው ሴቶች የመመገቢያ ክፍል ሲጠይቁ ይህን ያውቁ ነበር፤ ሕጉ ለመድረስ ሌላ ሃያ ዓመት ፈጀበት።